ስጥ በገንዳ ዳር

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢው መዋኛ ገንዳ ያለበት ሰው ቤት ስትጋበዙ፣ ባለቤቱ ስለ ዋና አያወራችሁም። የሚያወራችሁ ስለ ንጣፉ ነው። ድንጋዩ ከየት እንደመጣ፣ በካሬ ስንት እንደፈጀ፣ የመጀመሪያው ሙያተኛ እንዴት አድርጎ አበላሽቶት እንደጠፋ፣ ሁለተኛው እንዴት እንዳፈረሰው፣ ሲሚንቶ ያን ጊዜ እንዴት ተወዶ እንደነበር። "ዋና ይችላሉ?" ብላችሁ ብትጠይቁት፣ "ኧረ እኔ ለልጆቹ ብዬ ነው" ይላችኋል። ልጆቹን ስትጠይቁ ደግሞ ውሃው ይበርዳል።

መብረዱስ እውነት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ከተማ ውስጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ያደረ ውሃ ጠዋት ቢነኩት ያስምላል።

ይህን ሁሉ ያስተዋልኩት በባለቤቴ አጎት ቤት ነው። ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ ጉልበታቸውን ቨርጂኒያ ላይ ያፈሰሱ ሰው ናቸው፤ ቀን ታክሲ፣ ማታ ፓርኪንግ። የተከራዩት አፓርታማ ግቢ ውስጥ መዋኛ ነበረ። እዚያ አገር እንዲህ ያለው መዋኛ በፈረንጆቹ ሜይ መጨረሻ፣ ሜሞሪያል ዴይ በሚሉት በዓል ይከፈትና ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ፣ ሌበር ዴይ ሲያልፍ ይዘጋል። በእነዚያ ወራት ጋሼ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሮጡ፣ በአጥሩ ሽቦ መሐል አንድ ሰውዬ ነጭ ወንበር ላይ ተንጋሎ ያዩ ነበር።

"አንድ ቀን እንኳ ውሃው ውስጥ ሲገባ አይቼው አላውቅም" ይላሉ ስለ ሰውዬው ሲያወሩ። "ግን እግሩን ዘርግቷል። እኔ እግሬን የምዘረጋው ፍሬን ላይ ነበር።"

እናም ጡረታ ወጥተው ሲኤምሲ አካባቢ ቤት ሲሠሩ፣ መጀመሪያ የታሰበው ያ ነጭ ወንበር ነው። ወንበር ጭቃ ላይ አይቀመጥምና ንጣፍ ታሰበለት። ንጣፍ ደግሞ ያለ ምክንያት ሜዳ ላይ አይዘረጋም፤ ገንዳ ተቆፈረለት። የቤቱ ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው።

ገንዳው 4 በ8 ነው፤ ጥልቀቱ ሜትር ተኩል። ሂሳብ ለሚወድ፣ 48 ሜትር ኩብ፣ 48,000 ሊትር። ባለ 2,000ው ሮቶ ቢሆን 24 ሮቶ መሆኑ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሰው ጄሪካን ደርድሮ ሌሊት ቧንቧ በሚያዳምጥበት ሰፈር፣ ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ እየተመላለሰ ሲገለብጥ ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ወጣ። አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጥተው "እሳት ነው እንዴ የተነሳው?" ብለው ጠየቁ። መዋኛ መሆኑ ሲነገራቸው ጥቂት ዝም አሉና "እሳትስ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ይጠፋል" አሉ።

የጋሼ እናት፣ እማማ፣ ገንዳውን አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩት። "ማን ሊዋኝበት ነው?" አሉ። መልስ የሰጣቸው የለም። ከዚያ ግን ገና ያልተነጠፈውን ዳር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ የማይለየውን ቦታ፣ ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው ለኩት። "ይሄኛውስ ጥሩ ነው" አሉ። የዚያን ዕለት ማንም ልብ አላላቸውም።

በነገራችን ላይ ለውሃ ዳር ያለን ፍቅር የዲያስፖራ አመል ብቻ አይደለም። ይህች ከተማ ራሷ የተቆረቆረችው በገላ መታጠብ ሰበብ አይደል? እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ወረዱ፣ ቦታውን ወደዱት፣ ከውሃው አጠገብ ቤት ተሠራ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለች። ልብ በሉ፤ ገላቸውን ከታጠቡ በኋላ ወደ እንጦጦ ተመልሰው ቢሆን ኖሮ ከተማ የለም። ከተማ የሆነው ዳሩ ላይ መቀመጥ ስለጣማቸው ነው።

ጎንደርም ሄዳችሁ ብታዩ ያው ነው። በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው ትልቁ መጠመቂያ አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ይከርማል፤ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይለቀቅበታል። ጸሎቱ ደርሶ ውሃው ሲባረክ ጎረምሳው ልብሱን እየጣለ ይዘላል። ፎቶ ላይ የሚወጣውም የዘለለው ነው። ከዘለለው በስንት እጥፍ የሚበልጠው ግን ግንቡ ዳር ተደርድሮ የቆመው ሕዝብ ነው። የዚያ ግንብ ነገር መቼም ይገርመኛል። ዛፎቹ ሥራቸውን እንደ እጅ ጣት ድንጋዩ ላይ ዘርግተው ጨብጠውት ቆመዋል። ዛሬ ያንን የሚያይ ሥራ ተቋራጭ መጀመሪያ የሚለው "ዛፉ ይቆረጥ" ነው።

የአዲስ አበባ ሂልተንንም ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። መዋኛው በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ አምሳል በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ነው፤ የሚሞላውም በፍል ውሃ። በኛ ዕድሜ የነበረ የከተማ ልጅ፣ ሰርግ ወይ ስብሰባ አጋጥሞት እዚያ ዳር ለስላሳ ካልጠጣ፣ ቢያንስ የጠጣ ጓደኛ አለው። የዋኘ ጓደኛ ያለው ግን ጥቂት ነው። ድንጋይ ውሃ ውስጥ ኖሮ ኖሮ ዋና አይለምድም ይባላል፤ እኛ ደግሞ ውሃው ውስጥም አልገባንም።

ወደ ጋሼ እንመለስ።

የመጀመሪያው ሙያተኛ እሺ ባይ ነበር። ጋሼ ሱቅ ውስጥ ፊት የሚያሳይ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አይተው ወደዱ፤ እሺ አለ። "ጥቁሩ አፈር ሳይወጣ እላዩ ላይ ይነጠፍ፣ ጊዜ አለን እንዴ?" አሉ፤ እሺ አለ። ቤት ያሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ለሁሉ ነገር እሺ የሚል ግንበኛ በመጨረሻ በጣም ውድ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል።

ሴራሚኩ ያማረው ደረቅ ሳለ ነው። ምርቃት ተብሎ በተጠራ ቀን፣ አንድ የጋሼ የድሮ ጓደኛ በቆዳ ጫማ፣ በሙሉ ልብስ፣ የቡና ሲኒ ይዘው ከገንዳው ዳር ሲዞሩ እርጥቡን ረገጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ያየ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ሰውየው በተቀመጡበት ሁለት ሜትር ያህል ተንሸራተቱ፤ ሲኒዋን ግን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ይዘዋታል፤ ጠብ ያለ ቡና የለም። ሰዉ ደንግጦ ሲሮጥ፣ እሳቸው ካረፉበት ሆነው ፉት አሏትና "ሁለተኛው መቼ ነው?" አሉ።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ ከሥር ያለው አፈር ተራውን ወሰደ። የዚያ አካባቢ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ሲያብጥ ያነሳውን ሲደርቅ አይመልሰውም። ጥቅምት ላይ ሴራሚኩ እዚህ ጋ ጉብ፣ እዚያ ጋ ስርጉድ ብሎ፣ ቀሪውም ሲረግጡት እየጮኸ ተገኘ። እሺ ባዩ ሙያተኛ ስልኩ አይሠራም።

ሁለተኛው መጣ። ልጅ ነው፤ ፎርማኑ እንለዋለን። በአካውንቲንግ ዲፕሎማ አለው። ድንጋይ የተማረው በኮብልስቶኑ ዘመን ነው። ታስታውሱ እንደሆን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ግድም ከድሬዳዋ ተነስቶ፣ ጀርመኖች በሙያ እያገዙ፣ ከተማ ለከተማ የተዛመተው ጥርብ ድንጋይ ስንቱን ሥራ ፈት ወጣት ሥራ አስይዟል። "ተምረህ ተምረህ ኮብልስቶን!" የሚለው ተረብም ከዚያው ጋር መጣ። ተረበኞቹ ያልነገሩን፣ ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ ድንጋይ ማወቃቸውን ነው።

ይህ ልጅ እሺ አይልም። መጀመሪያ ጥቁሩ አፈር ተዝቆ እንዲወጣ አደረገ። ገረጋንቲ አስገልብጦ፣ በስስ በስሱ እየበተነ፣ ውሃ እያጠጣ አስጠቀጠቀው። ሲባጎ ወጠረ። ውሃ ልኩን ዐሥር ቦታ አስቀመጠ። ድንጋይ ባነጠፈ ቁጥር በጎማ መዶሻ መታ መታ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። "ሲመቱት 'ኮ' ካለ ሥሩ ባዶ ነው፤ 'ጥ' ካለ ተቀምጧል" ይላል። ጋሼም ተማሩና የራሳቸውን መዶሻ ገዝተው ከኋላው ከኋላው እየተከተሉ መምታት ጀመሩ። አንድ ቀን "'ኮ' አለች!" ብለው ጮኹ። ልጁ መጣ፣ መታ፣ አዳመጠ። "የጋሼ ሰዓት ነው ከድንጋዩ ጋር የተጋጨው" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ስለ ድንጋዩ ዓይነትም ክርክር ነበር። ኮብል ይሁን ተባለ፤ በባዶ እግር አይሆንም፣ ሴቶቹ ደግሞ ባለ ተረከዝ ጫማቸው በየመሐሉ እየተሰካ ባዶ እግራቸውን ወደፊት ይሄዳሉ ተባለ። ጥቁር ድንጋይ ተጠርቦ ይሁን ተባለ፤ ፀሐይ ላይ ያቃጥላል። በመጨረሻ የአምቦ ድንጋይ ተመረጠ። ፈካ ያለ፣ አሸዋማ፣ እርጥብ ሲሆን የማያንሸራትት። አንድ ጉድ ብቻ አለው፤ የፈሰሰበትን ይጠጣል። ቡና ጠብ ካለበት ቡናውን ለልጅ ልጅ ያወርሳል።

ትልቁ ጠብ ግን በተዳፋቱ የመጣው ነው።

ፎርማኑ "ለአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ውጪ ያዘንብላል" አለ። ጋሼ "ወደ ውስጥ" አሉ። ጋሼ ምክንያት አላቸው። ውሃ በፈረቃ፣ ቦቴ በስንት መከራ በሚገኝበት ከተማ የእግዜር ዝናብ ግቢያቸው ድረስ መጥቶ ለምን ወደ ቱቦ ይሄዳል? ገንዳው አፉን ከፍቶ ተቀምጦ?

"ጋሼ፣ ዝናብ ባዶ እጁን አይገባም" አለ ልጁ። "መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ነው የሚገባው።"

"ምን ያገኛል? እዚህ ግቢ ውስጥ ከድንጋይ በቀር ምን አለ?"

ከፋዩ ጋሼ ስለሆኑ ጋሼ ረቱ። ልጁ ወደ ውስጥ አዘንብሎ አነጠፈ፤ ግን ውሉ ላይ በእጁ ጽሑፍ "ተዳፋቱ በባለቤቱ ትእዛዝ" ብሎ አስፈረመበት። አካውንታንት አይደል።

ግቢው ውስጥ ምን እንዳለ ጋሼ ያላወቁት እማማን ስለረሱ ነው። ንጣፉ ባለቀ በሳምንቱ እማማ ሸራቸውን ይዘው ወጡ። መጀመሪያ ሽሮ እህል ነበር፤ ቀጥሎ ብቅል፤ ቀጥሎ ጤፍ። የአምቦ ድንጋይ ከሥር ይሞቃል፣ ከላይ ፀሐይ አለ፣ አፈር የለም፣ ዶሮ የለም። እማማ እንዲህ ያለ ስጥ ማስጫ በሕይወታቸው አግኝተው አያውቁም። የጎረቤት ሴቶች ሰሙ። ያቺ "እሳት ነው እንዴ" ያሉት ሴትዮ የመጀመሪያዋ ሆነው እፍኝ የማትሞላ አብሽ ይዘው ተከሰቱ፤ በሁለተኛው ቀን በኩንታል መጡ። ጋሼ ነጩን ወንበር ለማስቀመጥ ቦታ ጠይቀው ተራ ይጠብቃሉ።

መጋቢት ነበር። ለፋሲካ የሚሆን በርበሬ ታጥቦ፣ ተቀንጥሶ፣ ከገንዳው ዳር ዳር ተሰጥቷል፤ የእማማም የጎረቤትም፤ ሸራው አልበቃ ብሎ ግማሹ በቀጥታ ድንጋዩ ላይ ነው። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። የበልግ ዝናብ እንደምታውቁት አያስጠነቅቅም። ሴቶቹ ከቡና ሲነሱ ዝናቡ ከእነሱ ቀድሞ ደርሷል።

ያ ሁሉ በርበሬ፣ ለአንድ ሜትር በሁለት ሳንቲ ሜትር፣ በጋሼ ፊርማ፣ ተሰልፎ ገንዳው ገባ።

ደርሼ አይቼዋለሁ። 48,000 ሊትር ስልስ ነው። ዛላው ተንሳፍፎ ይዞራል፤ ፍሬው ዳር ዳር ተለጥፏል፤ ከእንግዲህ ሽንኩርት ብቻ ነው የቀረው። እማማ በአንደኛው ወገን ቆመው "ስንት ኪሎ በርበሬ!" ይላሉ። ጋሼ በሌላኛው ወገን ቆመው "ስንት ቦቴ ውሃ!" ይላሉ። ሁለቱም በየራሳቸው ሐዘን ናቸው፤ አንዱ ለአንዱ ሐዘን አልደረሰም። የቤቱ ውሻ ሊጠጣ አፉን ነከር አድርጎ፣ አስነጠሰ፣ አጥሩ ድረስ ሮጠ። የአምቦው ድንጋይ ደግሞ እንደ ጠባዩ ቀዩን ጠጥቶ አስቀረው፤ በምሥራቅ በኩል እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ፎርማኑ ተጠርቶ መጣ። አየ። "ብዬ አልነበር?" አላለም፤ ውሉንም አላወጣም። ሲባጎውን ብቻ አወጣ።

አሁን ተዳፋቱ ወደ ውጪ ነው። ከንጣፉ ጠርዝ ላይ ጠባብ ቦይ ተሠርታ ዝናቡ ወደ ኋላው ግቢ ይወርዳል፤ እዚያ እማማ ጎመን ተክለዋል። የዚያ ጎመን ቅጠል ስፋት ሌላ ወግ ያስፈልገዋል። ገንዳው ታጥቦ እንደገና ተሞላ። ስጡም እንደቀጠለ ነው፤ እንዲያውም ደንብ ወጥቶለታል፤ ሰኞና ረቡዕ የእማማ፣ ሌላው ቀን የጎረቤት።

ጋሼስ? ጋሼ ነጩን ወንበራቸውን አግኝተዋል። ከስጡ ራስጌ ተቀምጦላቸዋል። እግራቸውን ዘርግተው፣ ባርኔጣቸውን ዐይናቸው ላይ ደፍተው፣ በእጃቸው ረጅም ሸምበቆ ይዘው እርግብ ይጠብቃሉ። አልፎ አልፎ "እሽ!" ይላሉ። ቨርጂኒያ ያለ አንድ ጓደኛቸው ሲደውል "የት ነህ?" ቢላቸው፣ "መዋኛዬ ዳር ጋደም ብያለሁ" ነው የሚሉት። ውሸት የለበትም።

ባለፈው ወር የልጅ ልጃቸው ክርስትና ነበር። የድንኳን አከራዮቹ ካስማቸውንና መዶሻቸውን ተሸክመው ገቡና ቆሙ። ግቢው ሁሉ ድንጋይ ነው፤ ካስማ የሚተከልበት ጣት የምታህል አፈር የለም። "ይሄን ያነጠፈው ሰው ልቅሶና ሰርግ አያውቅም እንዴ?" አለ አንደኛው። በመጨረሻ ገመዱን ከገንዳው የብረት መሰላል፣ ከአጥሩ ብረት፣ አሸዋ ከተሞላ ጄሪካን ጋር አስረው ድንኳኑን ገንዳው ላይ ገተሩት። ቀን ውሃ ስላልመጣ ሳህኑ ሁሉ የታጠበው በገንዳው ውሃ ነው፤ ክሎሪን ስላለው ሳሙና ቆጠበ ብለው ሴቶቹ አመሰገኑ። እስከማስታውሰው ድረስ ያ ውሃ ከተሞላ ጀምሮ ሥራ የሠራው የዚያን ዕለት ነው።

ፎርማኑም ተጋብዞ ነበር። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ መጣ። ምግብ ሲዞር አልተነሳም። አምቦ ውሃ አምጥተው ቀዱለት። ብርጭቆውን ይዞ ወደ ንጣፉ ጠርዝ ሄደ፤ ግራ ቀኙን አየና ቁጢጥ ብሎ ግማሹን ድንጋዩ ላይ አፈሰሰው። አምቦው ውሃ አምቦው ድንጋይ ላይ እየተንጫጫ ትንሽ ቆመ፣ አሰበ መሰለኝ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ጎመኑ ሄደ።

ልጁ ተነሳና ብርጭቆውን ለጋሼ አሳየ። "ሌላ ይቀዳልኝ፤ በምሥራቅ በኩል ይቀራል።"

"ሂድ ወዲያ" አሉ ጋሼ፣ "የምሥራቁን በቧንቧ ውሃ ፈትሽ።"

"ቧንቧማ የኛ ፈረቃ ነገ ነው" አሉ ከኋላ እማማ።